ያልፈታሁት የናና ጥቅል

ያ ሁሉ ዓመት አልፎ ውርደቴ በስልክ ተከትሎኝ ይመጣል ብዬ በፍጹም አላሰብኩም።

ትናንት ከጓሮዬ ሦስት ዓይነት ናና ቀጥፌ፣ ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ። ጥቅማቸውን በየተራ ጻፍኩ። ላይኩ ጥሩ ነበር፤ ተመስገን።

ዛሬ ጠዋት የማኅበር እህቴ ዘነበች ኮሜንት ሰጠች። "ፈትተሽ አይተሽዋል?"

ይችኑ ብቻ።

ከዚያ ሁላችሁም ምን ማለቷ ነው ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። ከእሷ ከምትሰሙት ከእኔ ይሻላል።

ጊዜው ደርግ ነው፤ ስኳር ከቀበሌ በራሽን የምትታደልበት። የምንኖረው አሰበ ተፈሪ ነበር። የንስሐ አባቴ ሆዳቸውን ቁርጠት ይዟቸው እህል ካልቀመሱ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። የሚተካቸው ካህን የለም። ካልተሻላቸው የእሑዱ ቅዳሴ መታጎሉ ነው።

ገለምሶ ውስጥ አዴ ፋጡማ የሚባሉ ወዳጅ ነበሩኝ፤ እሳቸው ዘንድ ሄድኩ። ናና እንደሳቸው የሚያውቅ ሰው አላየሁም። ሦስት ዓይነት ቀጥፈው በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። "ለቄሱ ቶሎ አድርሺላቸው፤ አላህ ያሽራቸው" አሉኝ።

ወደ አሰበ ተፈሪ ስመለስ አውቶቡሱ ላይ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ጣሂር የሚባል ልብስ ሰፊ ነው። እሱ ጫት ይዟል። ጫትም በኛ አገር የሚጠቀለለው በሙዝ ቅጠል ነው። ሁለቱንም ጥቅል ከወንበሩ ሥር አስቀመጥናቸው።

እናንተ ከወዲሁ ገባችሁ አይደል? እኔ አልገባኝም።

ቃል የማባክን ሰው አይደለሁም። የዚያን ቀን ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ለአውቶቡሱ ሁሉ አስተማርኩ። ለስላሳ ቅጠሉ ለሻይ ነው፤ ጸጉራሙ የወንዝ ዳር ናና ለሆድ ቁርጠት ነው፤ ግንዱ ጠቆር ያለው ደግሞ ለጉንፋን ነው፣ አፍልተው በጋቢ ተሸፍነው ይታጠኑታል አልኩ። ለየትኛው ቄስ እንደምወስደው፣ ቤታቸው የት እንደሆነም ተናገርኩ።

በመጨረሻ ወደ ጣሂር ዞር አልኩ። "ቅጠል ከያዙ አይቀር የሚፈውስ መያዝ ነው።"

"እውነትዎን ነው፣ እትዬ" አለ በትሕትና።

ስንደርስ ተጣድፌ ጥቅሌን አንስቼ ወረድኩ። ለልጆቼ ምሳ ሰጥቼ አባ ቤት ሄድኩ። ማኅበርተኞቼ ሊጠይቋቸው ተሰብስበዋል። ሰሚ በማግኘቴ ደስ አለኝ፤ ትምህርቴን እንደገና ጀመርኩ። ዘነበች ውሃ ጥዳ ጥቅሉን ፈታችው።

ጫት።

ቀንበጡ ቀላ ያለ፣ የገለምሶ ምርጥ ጫት።

ዘነበች አንዱን ዘለላ አንስታ አገላበጠችው። "ይቺኛዋስ እህቴ፣ ለየትኛው በሽታ ናት?"

አባ ከተኙበት ቀና አሉ። "ልጄ፣ እኔን ያመመኝ ሆዴ ነው። እንቅልፍ መች አስቸገረኝ?"

ሰዉ ሳቀ። እኔ የማስበው እሑድን ነበር። ቅዳሴ ሊቀር ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ያን ጊዜ ከደጅ ድምፅ ተሰማ። "የናናዋ እትዬ እዚህ ናቸው?"

ጣሂር ነው። ቤቱን በገዛ አፌ ነግሬዋለሁ።

"ጫት ልንቅም በርጫ ተቀምጠን ስንፈታው ናና ሆነብን" አለ። "ጓደኞቼ ለሻይ ነው ያሉትን ለይተው አፈሉት፤ አፉ ይበሉን። የሆዱን ግን አልነካነውም። ቄሱ ታመዋል ብለው የለ?"

ከጸጉራሙ ናና አንድ ቅጠል አልጎደለም። ከዚያ ሁሉ ተሳፋሪ ከልቡ የሰማኝ በነገር የወጋሁት ሰው ነበር።

ጫቱን በሁለት እጄ አቀበልኩት። ይቅርታም ጠየቅሁት። "ምንም አይደል፤ ብቻ ያሽራቸው" ብሎ ሄደ።

አባ ናናውን ሁለት ቀን ጠጡ። እሑድ ቀደሱ። ተመስገን።

ስለ ጫቱ አንድም አልተቆጡኝም። ስለ አውቶቡሱ ስብከት ግን አርባ ስግደት አዘዙብኝ።

ዘነበች ከዚያ ወዲህ ዳቦ ጠቅልዬ ብመጣ እንኳ "ፈትተሽ አይተሽዋል?" ትለኛለች። አሁን ሰማንያ ሊሞላት ነው፤ እግዜር ዕድሜዋን ያርዝምልኝ።

እናንተ ልጆች ግን፣ እሷን ኮሜንት መጻፍ ያስተማራችኋት ምን በድያችሁ ነው?