ፀሐይ እንዳይጎዳው የተሸፈነው ሶላር

እኛ ሰዎች ዕቃ ስንገዛ ከሁሉ በፊት «ስንት ዓመት ያገለግላል?» ብለን እንጠይቃለን። ጥሩ ጥያቄ ነው። ችግሩ ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ እንዲያገለግል አለመፍቀዳችን ነው። ሶፋው ከነላስቲኩ ይቀመጣል፣ ሪሞቱ በፌስታል ይጠቀለላል፣ ምርጦቹ ብርጭቆዎች ቡፌ ውስጥ እንግዳ ሲጠብቁ እኛ በፕላስቲክ ኩባያ እንጠጣለን። እየሳቃችሁ ከሆነ እስቲ ዞር ብላችሁ የራሳችሁን ቡፌ ተመልከቱ።

አክስቴ ከዲጃ ግን ሁላችንንም ያስከነዳሉ። የሚኖሩት ወለንጪቲ ዳር፣ የመብራት ምሰሶ ያልደረሰበት ሰፈር ነው። ሶላሩን አዳማ አብረን ስንገዛ ሻጩ፣ «ፓነሉ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ቢበዛ ጉልበቱ ቀስ እያለ ይቀንሳል እንጂ ቶሎ አይሞትም። ባትሪው ግን ያረጃል፤ ሙቀት አይወድም፣ ባዶውንም አታቆዩት» ብሎ አስረድቶን ነበር። አክስቴ ከዚህ ሁሉ ይዘው የሄዱት «ያረጃል» የምትለዋን ብቻ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ደወሉልኝ። አንድያ ልጃቸውን ሰሚራን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች በማግስቱ ማታ ከሞጆ ሊመጡ ነው።

«ልጄ፣ ሶላሩ ጉድ ሠራኝ! የሰው አባት በጨለማ ልቀበል ነው? ድረስልኝ!»

በጠዋት ደረስኩ። ጣሪያው ላይ ስወጣ ፓነሉ አንሶላ ለብሶ፣ አራቱም ጠርዝ ላይ ድንጋይ ተጭኖበት ተኝቷል።

«አክስቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ፀሐይ እንዳይጎዳው ነዋ! የወለንጪቲን ፀሐይ አታውቃትም? እንግዳ ሲመጣ እገልጠዋለሁ።»

ባትሪውማ ባሰበት። ዳንቴል ለብሷል፣ ከዳንቴሉ በላይ ብርድ ልብስ ተደርቦለታል። ምስኪን፣ እየሞቀው በረሃብ ከርሟል። አንሶላውን ስገፍፈው አምፖሉ ቦግ አለ፤ ፓነሉ እንደ አዲስ ነበር። መልሼ ስሸፍነው ግን ወዲያው ድርግም። ባትሪው ምንም አይዝም። የአክስቴ ዓይን እንባ አቀረረ።

ከዚያ ድንገት ብድግ አሉ። «ፀሐይ ሳለች ይበራ የለ? እንግዲያው ፀሐይ ሳለች ይምጡ!» አሉና ስልካቸውን አንስተው የማታውን ቀጠሮ ወደ ምሳ አዞሩት።

ሽማግሌዎቹ በጠራራ ፀሐይ ገቡ። በበሩ የሚገባው ብርሃን ዓይን ይወጋል፣ ከላይ አምፖሉ ይንቦገቦጋል። ትልቁ ሽማግሌ አምፖሉን አዩ፣ በሩን አዩ፣ እንደገና አምፖሉን አዩ።

«ማሻአላህ! እዚህ ቤት በቀንም ይበራል። ማታውማ እንዴት ይሆን?»

ሳቄን በምሳው ዋጥኩት። ሰሚራ ተሰጠች፣ ምርቃቱ ደመቀ፤ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ እንግዶቹን በክብር ሸኘን።

ሙሽራው የአምፖሉን ምስጢር ከሰሚራ ሲሰማ ስቆ ስቆ፣ ከሠርጉ በኋላ ለአማቱ አዲስ ባትሪ ላከላቸው። በቀደም ልጠይቃቸው ሄድኩ። ፓነሉ ራቁቱን ፀሐይ ይሞቃል፤ አቧራው እንኳ ተወልውሏል። ደስ አለኝ። ባትሪውስ? ከነካርቶኑ ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ ዳንቴል ለብሶ።

«ሰሚራ ልትወልድ ስትመጣ ነው የሚከፈተው» አሉኝ ፊታቸው እየበራ።

ባትሪ ሳይሠራ ተቀምጦም እንደሚያረጅ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ደስታቸውን አየሁና መልሼ ዘጋሁት። ከግቢው እንደወጣሁ ግን ለሰሚራ ደወልኩላት።

«እህቴ፣ ላስጨንቅሽ ብዬ አይደለም። ባትሪው እያረጀ ስለሆነ ቶሎ ውለጂ።»