የፀዳ ሙዚቃ ክበብ ጊታር ወደ ባለሙያ ደረጃ ስለማደጉ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ጎንደር፣ ፀዳ፣ የሙዚቃ ክበቡ ዕቃ ቤት (አዳራሹ ለሠርግ ስለተከራየ)
የተጠራበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 2፡30
የተጀመረበት ሰዓት፦ 4፡10

የተገኙ
1. አቶ ፋንታሁን፦ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ
2. አቶ ዐብዱልከሪም፦ የንብረት ክፍል፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ
3. አያ ላቀው፦ የባህል መሣሪያ ተጠሪ፣ የኮሶዬ ክራር ሠሪ
4. ወ/ሪት ኤሌኒ፦ ጊታር ተጫዋች፣ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ
5. ወ/ሮ ብርቄ፦ ጸሐፊ
6. አቶ አስናቀው፦ አባል፣ በስልክ

ስለ ምልዓተ ጉባኤ

ከዘጠኙ አባላት ስድስቱ ካልተገኙ ስብሰባ አይካሄድም። የተገኘነው አምስት ስለነበርን ሰብሳቢው ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ዛሪማ ለተዛወሩት ለአቶ አስናቀው ደወሉ። አቶ አስናቀው "ሀሎ፣ ማን ልበል?" እንዳሉ መስመሩ ተቋረጠ። ጥያቄ ማቅረብም ተሳትፎ ነው ተብሎ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የክበቡን ርካሽ ጊታር ወደ ባለሙያ ደረጃ ስለማሳደግ

ወ/ሪት ኤሌኒ ጉዳዩን አስረዱ። ፒያሳ አጠገብ ባለ ሆቴል የሚጫወት ባንድ ጊታር ተጫዋች እንደሚፈልግ፣ ፈተናው ዛሬ ከቀኑ 9፡00 ላይ እንደሆነ፣ ተፈታኝ የራሱን መሣሪያ ይዞ እንደሚመጣ፣ ይህንን ቀን ሁለት ዓመት እንደጠበቁና የሥራ ተራቸውን ከባልደረባ ጋር እንደተቀያየሩ ገለጹ። ስለ ጊታሩ ሲናገሩም እንጨቱ ጥሩ እንደሆነ፣ ነገር ግን ክሮቹ መዛጋቸውን፣ መወጠሪያዎቹ እየላሉ በዘፈን መሃል ቅኝቱ እንደሚፈታ፣ ክሮቹ ከአንገቱ በጣም ርቀው ስለተቀመጡ ጣት እንደሚያቆስሉ፣ ድምፁን ወደ ማጉያው የሚወስደው ሽቦም ላልቶ ውስጥ ለውስጥ እንደሚንኳኳ ዘረዘሩ። አዲስ ክርና መወጠሪያ ከገባለት፣ ትንሽም ከተስተካከለ ውድ ከሚባለው ጊታር እንደማያንስ አስረድተው ሥራው የሁለት ሰዓት ነው አሉ።

ሰብሳቢው ማብራሪያውን አመስግነው የባለሙያ ጊታር በመጀመሪያ የሚታወቀው በመልኩ እንደሆነ ተናገሩ። ቫርኒሽ ይቀባ፣ የፋብሪካው ስም ተፍቆ የክበቡ ስም ከነተመሠረተበት ዓመት ይጻፍበት ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሪት ኤሌኒ ቫርኒሽ ለመድረቅ ሁለት ቀን እንደሚፈጅ ሲያስታውሱ፣ ሰብሳቢው "ጥራት አይቸኩልም" ብለዋል።

አያ ላቀው በአንገቱ ላይ በተርታ የተሰኩትን ብረቶች አይተው፣ "ይኼ መሰላል ምነው? ጣት የት እንደሚያርፍ ለተጫዋች ይነገራል እንዴ? ክራር መሰላል የለው፣ ማሲንቆ መሰላል የለው። ሸጋ መሣሪያ ከሆነ ብረቱ ይነቀል" አሉ። ወ/ሪት ኤሌኒ "አያ ላቀው፣ እሱ ከተነቀለማ ጊታርነቱ ቀረ" ሲሉ፣ አያ ላቀው "ታዲያ ክራር ቢሆን ምን ይቀርበታል?" ብለው ተቀይመዋል።

ከረዥም ውይይት በኋላ ሁለቱንም ወገን ለማስማማት በሚል ከብረቶቹ ግማሾቹ እንዲነቀሉ፣ ግማሾቹ እንዲቆዩ፣ የትኞቹ እንደሆኑ በጥናት እንዲለይ፣ ቫርኒሹም ከጥናቱ በኋላ እንዲቀባ ተወስኗል። ክርና መወጠሪያው ግን ዛሬውኑ እንዲቀየር ወ/ሪት ኤሌኒ ሦስት ጊዜ ስለጠየቁ ተፈቅዷል።

አጀንዳ 2፦ የአዲስ ዕቃ አወጣጥ

አዲሶቹን ክሮችና መወጠሪያዎች አቶ ዐብዱልከሪም ከአዲስ አበባ አስመጥተው ለክበቡ ያበረከቷቸው ናቸው። ወ/ሪት ኤሌኒ እጃቸውን ሲዘረጉ አቶ ዐብዱልከሪም አሮጌው ዕቃ ገቢ ሳይደረግ አዲሱ ወጪ እንደማይደረግ አስታወቁ። የራስዎ ስጦታ አይደለም ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ "የሰጠሁት እንደ ነጋዴ ነው፤ የምጠብቀው እንደ ንብረት ክፍል ነው። ደግሞ ደንቡን ያወጡት ጋሼ ፋንታሁን ናቸው" አሉ። ሰብሳቢው ደንቡ የወጣው ለመጥረጊያ እንደነበር አምነው፣ ጊታር ግን ከመጥረጊያ እንዲያንስ እንደማይፈቅዱ ገለጹ።

ወ/ሪት ኤሌኒ አሮጌዎቹን ክሮችና መወጠሪያዎች ፈትተው አቀረቡ። ይሁን እንጂ መዝገቡ "ጊታር፣ 1" እንጂ ክርም መወጠሪያም የማያውቅ ሆኖ ተገኘ። ያልተመዘገበ ዕቃ ገቢ ስለማይሆን ጊታሩ በየክፍሉ እንዲመዘገብ ታዘዘ። በካቻቢቴ አንገቱ ከገላው ተለየ፣ ክዳኑ ተነሣ፣ ብሎኖቹ በሳህን ተቀመጡ። አርባ አንድ ዕቃ ተመዝግቦ ገቢ ሆነ፤ "ጊታር፣ 1" የሚለው መስመር በቀይ ተሰረዘ።

በዚህ ጊዜ ሰብሳቢው ጊታሩን ላየው ሲሉ አቶ ዐብዱልከሪም መዝገቡን ገልጠው በዕቃ ቤቱ ጊታር የሚባል ንብረት እንደሌለ አረጋገጡ። ሰዓቱ 6፡30 ነበር። ወ/ሪት ኤሌኒ "አሁን ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?" ብለው ጠይቀዋል። ከአጀንዳ ውጭ ስለሆነ መልስ አልተሰጠም።

ከረዥም ውይይት በኋላ አርባ አንዱም ዕቃ ለጥገና ተብሎ በአንድ ፊርማ ወጪ እንዲሆን፣ አዲሶቹም አብረው እንዲወጡ ተወስኗል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ስለ ክበቡ የአምስት ዓመት ዕቅድ ገለጻ አደረጉ። ገለጻው ሃምሳ ደቂቃ ወስዷል። በዚሁ ጊዜ ከዕቅዱ ጋር ያልተያያዙ ተግባራት መከናወናቸው ታይቷል። አቶ ዐብዱልከሪም ከቦርሳቸው የመበየጃ ብረት አውጥተው የሚንኳኳውን ሽቦ በየዱ። አያ ላቀው ቅያሜያቸውን ሳይተዉ፣ ክሮቹ ከአንገቱ ጫፍ የሚያርፉበትን ትንሽ አጥንት ወደ መስኮቱ ይዘው አዩ፤ "ማን ነው ይኼን እንደ ማገዶ የፈለጠው?" ብለው በቀጭን ሞረድ እያንዳንዱን ቦይ ዝቅ አደረጉ። ወ/ሪት ኤሌኒ አንገቱንና ክዳኑን መልሰው ገጥመው፣ መወጠሪያዎቹን አስገብተው፣ ክሮቹን ወጥረው፣ የአንገቱን ጉብጠት በቁልፍ አቀኑ።

ጊታሩ ከድምፅ ማጉያው ጋር ተገናኝቶ፣ ስፒናው ተሰክቶ ተሞከረ። ወ/ሪት ኤሌኒ ለአራት ደቂቃ ያህል ተጫወቱ፤ ሙዚቃ በቃለ ጉባኤ ስለማይሰፍር የሚመዘገብ የለም።

ከዚያ በኋላ ሰብሳቢው መነጽራቸውን ጠርገው ጊታሩ የባለሙያ ደረጃ መድረሱን አበሰሩ። በመዝገብም "ከፍተኛ ደረጃ ያለው ንብረት" ተብሎ እንዲሰፍር በጭብጨባ ተወሰነ። ወ/ሪት ኤሌኒ አመስግነው ጊታሩን ከማኅደሩ ሲከቱ፣ ሰብሳቢው ወዴት እንደሆነ ጠየቁ። ከፍተኛ ደረጃ ያለው ንብረት ከጠቅላላ ጉባኤ ፈቃድ ውጭ ከግቢ እንደማይወጣ፣ ጠቅላላ ጉባኤውም የሚሰበሰበው በሐምሌ እንደሆነ አስገነዘቡ። እስከዚያው በመስታወት ሣጥን ሆኖ ለእንግዶች ይታይ አሉ።

ሰዓቱ 7፡45 ሆኗል። ወ/ሪት ኤሌኒ ማኅደሩን አቅፈው ተቀመጡ። አያ ላቀው "ልጅቱ ባዶ እጇን ሄዳ ምን ልትመታላቸው ነው፣ ጉልበቷን? የተሰቀለ መሣሪያ ትርፉ ለምስጥ ነው" ሲሉ፣ ሰብሳቢው "አያ ላቀው፣ ደንብ ደንብ ነው፤ እኔም ልቤ ሳይፈቅድ ነው" አሉ። አቶ ዐብዱልከሪም "ልብዎ ካልፈቀደ አፍዎን ማን አስገደደው?" ስላሉ ሥርዓት እንዲይዙ ተነግሯቸዋል።

ጸሐፊዋ ደንቡን እንድታነብ ታዘዘች። አንቀጽ 14 ሰብሳቢው እንዳሉት ሆኖ ተገኘ። አንቀጽ 15ን ያነበበችው ሳትታዘዝ ነው፦ "ዝቅተኛ ደረጃ ያለውን ንብረት ማንኛውም አባል ፈርሞ ሊወስድ ይችላል፤ የንብረቱ ዝቅተኛነት ግን በቦታው በተገኙት ሙሉ ድምፅ ይረጋገጣል።"

አቶ ዐብዱልከሪም ጊታሩ ወደ ቀድሞ ደረጃው እንዲመለስ በዛሬው ዕለት የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር ሐሳብ አቀረቡ። አያ ላቀው "የኔም መሰላል ይሻር" ብለው ደገፉ። ሰብሳቢው፣ አራት ሰዓት የተደከመበት ውሳኔ በአንድ ትንፋሽ አይሻርም ብለው ተቃወሙ፤ ተቃውሟቸውም እንዲጻፍ ጠየቁ። ተጽፏል። ሐሳቡ በአራት ድጋፍ በአንድ ተቃውሞ አልፏል።

የቀረው ዝቅተኛነቱን በሙሉ ድምፅ ማረጋገጥ ነበር። አራት እጅ ወጣ። ሰብሳቢው ጊታሩ ወደ እሳቸው እንዲመጣ አዘዙ። ጉልበታቸው ላይ አድርገው በአውራ ጣታቸው ክሮቹን ከላይ እስከ ታች አንዴ ሳቧቸው፤ ድምፁ እስኪጠፋም ጠበቁ። ከዚያ "ይኼ ምን ጊታር ነው! የማይረባ! ከፊቴ አንሡልኝ፣ ኤሌኒ ትውሰደውና ትገላግለን" ብለው እጃቸውን አወጡ።

የመጨረሻ ውሳኔ

1. ከአጀንዳ 1 እስከ 3 የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ጊታሩ አልተፈታም፣ አልተጠገነም፣ ደረጃውም አላደገም።
2. በመዝገብ በቀይ የተሰረዘው መስመር እንዳልተሰረዘ ይቆጠራል።
3. ጊታሩ ርካሽ፣ ቅኝት የማይዝና ለባለሙያ የማይመጥን መሆኑ በሙሉ ድምፅ ተረጋግጧል።

ስብሰባው ከቀኑ 8፡20 ላይ ተዘግቷል። ወ/ሪት ኤሌኒ በአንቀጽ 15 መሠረት ፈርመው ጊታሩን ወስደዋል። ፊርማቸው በጥድፊያ የተጻፈ ስለሆነ አይነበብም።