ሣር ሆነን የከረምንበት ወር

ለሰው ቤቱ እንደሚፈርስ የሚነገርበት መንገድ ብዙ ነው። ለአንዳንዱ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ለአንዳንዱ አጥሩ ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ ይሰመርበታል። ጨዋ ሰው የገጠመው ደግሞ ተጠርቶ፣ ወንበር ተስቦለት፣ ለስላሳ ተከፍቶለት ይነገረዋል። እኔ ግን የቤቴን መጥፋት ያወቅሁት ከሥራ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ፣ ከማስታወቂያ ላይ ነው። ለዚያውም ባጃጅ ነጂው አሳይቶኝ።

የምኖረው ሀዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከድሮዎቹ ሰፈሮች በአንዱ፣ አባቴ አቶ ዳንጊሶ በሠሩት የጭቃ ቤት ነው። የጭቃ ቤት ስላልኩ እንዳትንቁብኝ፤ ወለሉ ሊሾ ነው፣ ግድግዳው በየዓመቱ ኖራ ይቀባል፣ ጣሪያው… ስለ ጣሪያው ዝም ብል ይሻላል። አባቴ ጡረታ እስኪወጡ የግሬደር ኦፕሬተር ነበሩ። የዚህን ከተማ ግማሽ መንገድ የደለደልኩት እኔ ነኝ ይላሉ። «ሌላውን ግማሽስ ማን ደለደለው?» ስንላቸው፣ «እሱ ክረምት ክረምት ውሃ የሚቋጥረው ነው» ብለው ያልፉታል።

ከጎናችን ያሉት አቶ ከማል ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳሉ። የእሳቸውና የእኛ ቤት በአንድ ክረምት፣ በአንድ አናጺ ተሠርተው ወደ አንድ ጎን የዘመሙ መንትዮች ነበሩ። በረመዳን ሳምቡሳው ከዚያ ወደዚህ፣ በገና ዳቦው ከዚህ ወደዚያ በአጥር ላይ ሲሻገር ሠላሳ ዓመት አልፏል። አምና አቶ ከማል ቤታቸውን አፍርሰው ጂ ፕላስ አራት ሲጀምሩ አባቴ ናቸው ቆመው የመረቁት። ከዚያ በኋላ የአርማታ ማቡኪያው ጩኸት የጠዋት ደወላችን፣ የሲሚንቶው አቧራ ቅመማችን ሆነ። አላማረርንም። ጎረቤት ሲያድግ አቧራ አለው።

እና ያን ዕለት ባጃጁ ሰፈር ሲደርስ ነጂው ፍጥነቱን ቀነሰና «ጋሼ፣ የእናንተ ቤት የት ሄዶ ነው?» አለኝ። ቀና ብል የአቶ ከማል ግንባታ በታጠረበት ቆርቆሮ ላይ አንድ ግዙፍ ባነር ተሰቅሏል። ፎቁ አልቆ፣ ሰማያዊ መስታወት ለብሶ፣ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ ይታያል። ከፎቁ ጎን፣ እኛ ልንኖርበት በሚገባን ቦታ ላይ፣ ሣር! የጉዱማሌ መናፈሻ ራሱ እንዲህ ያለ ሣር አብቅሎ አያውቅም። የአባቴ የሽንኩርት መደብ ላይ ፋውንቴን ውሃ ይረጫል። አቮካዷችን የለም። ሽንት ቤታችን በነበረበት ሁለት ዘምባባዎች ቆመዋል፤ እውነቱን ለመናገር በዚህኛው ነጥብ ላይ ብዙ የምከራከረው ነገር የለኝም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ግን ገና መጠርጠር ሳልጀምር ተመንጥሬ፣ ሣር በቅሎብኝ፣ ውሃ እየጠጣሁ ነበር።

እስኪመሽ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ እንደምንነሳ አወቀ። የእድራችን ሊቀመንበር መጥተው ወደየትኛው እድር እንደምንዛወር በትሕትና ጠየቁ። በራችንን ሊጠግን ቀጠሮ የነበረው አናጺ «ለሚፈርስ ቤት ምስማር አላባክንም» ብሎ ቀረ። አክስቴ ከይርጋለም ደውላ አለቀሰች። ከቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቡድኑ መጣና መሪው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ጌታ ሆይ፣ ለእነዚህ ወገኖች የተሻለ ቤት አዘጋጅላቸው» እያሉ ሲጸልዩ፣ አባቴ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው «የተሻለ አልጠየቅንም» አሉ።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ የማምነው ወረቀት ነው። በማግስቱ ፈቃድ ወስጄ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተትኩና እኛን የሚነካ ምንም ዕቅድ እንደሌለ የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዤ ተመለስኩ። ለሰፈሩ ሰው ሁሉ አሳየሁ። ማን ሊያምነኝ? የእኔ ወረቀት ጥቁርና ነጭ ነው፤ ባነሩ ግን ፋውንቴን አለው።

አቶ ከማል ዘንድ ሄድኩ። ደነገጡ። «ወላሂ ሣሩን አላየሁትም! እኔ ያየሁት ፎቁን ነው» አሉኝ። አምናቸዋለሁ። የራሱን ፎቅ የሚያይ ሰው ከጎኑ ያለውን የሚያይበት ትርፍ ዓይን ከየት ያመጣል? ግን ባነሩ ታትሟል፣ ሱቆቹን ሊከራዩ የሚመጡ ሰዎችም ወደውታል። «ደግሞስ ሥዕል አይደል እንዴ?» አሉና ሻይ አዘዙልኝ። ሻዩን ጠጥቼ፣ እንደ ሣርነቴ ዝም ብዬ ወጣሁ።

አባቴ ግን ሣር ሆነው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። በማግስቱ ጠዋት ሙሉ ልብሳቸውን ለበሱ፣ ባርኔጣቸውን ደፉ፣ ወንበር ተሸክመው ወጡና ባነሩ ሥር ተቀመጡ። የሚያልፈው ሁሉ «አባባ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» ይላቸዋል። «ሣሩን እጠብቃለሁ» ይላሉ። «የቱን ሣር?» ሲባሉ በከዘራቸው ወደ ላይ ያመለክታሉ። «ይኸውልህ፣ ይህ ሣር እኔ ነኝ።»

ሦስት ቀን እንዲህ ዋሉ። ባለቤቴ አስቴር ምሳቸውን እዚያው ታደርስላቸዋለች፤ እኔ «ሰው ምን ይላል» እያልኩ በሌላ መንገድ ዞሬ እገባለሁ። በሦስተኛው ቀን ፋርማሲ ሊከፍት ያሰበ አንድ ሰውዬ መኪናውን አቁሞ ባነሩን ሲያይ ቆየና፣ ደንበኞቹ ሣሩ ጠርዝ ላይ መኪና ማቆም ይችሉ እንደሆነ አባቴን ጠየቃቸው። አባቴ ሲናደዱ አማርኛቸውን ጥለው ወደ ሲዳሙ አፎ ይሻገራሉ። ያን ቀን ግን ሰውዬው እንዲገባው ብለው በአማርኛ ቆዩ። «ላዬ ላይ ልታቆም ነው?» አሉት። ሰውዬው ወደ መኪናው ገብቶ፣ መሪውን አዙሮ ሄደ።

ይህን ጊዜ አቶ ከማል መጡ። የተቆጡ መስሎኝ ልገላግል ሮጬ ደረስኩ። እሳቸው ግን ከተከመረው ብሎኬት አንዱን ስበው ከአባቴ ጎን ተቀመጡ። አቶ ከማል «ዳንጊሶ፣ ቤትህን ማንም አይነካብህም፤ እኔን አታምነኝም?» አሉ።

አባቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ከማል፣ ቤት ይፈርስብኛል ብዬ አይደለም። ቤት ይፈርሳል፤ ያንተም ፈርሷል። መርቄህ ነው የፈረሰው። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፤ ሳልሞት ለምን አጠፋኸኝ?»

አቶ ከማል አንገታቸውን ደፍተው ስልካቸውን አወጡና ባነሩን ላዘጋጀላቸው ሰው ደወሉ። ድምፃቸው ልክ አልነበረም። እኔም ባነሩን የማይ መስዬ ዞር አልኩ፤ አቧራው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው።

ንድፉን የሠራችው አርክቴክት፣ ሕሊና የምትባል ወጣት፣ በማግስቱ መጣች። ትሑት ልጅ ናት። ዓይን በፎቁ ላይ እንዲያርፍ ሲባል ዙሪያው እንደሚጸዳ አስረዳች። አባቴ «እኛ ቆሻሻ ነን ማለት ነው?» ሲሏት ፊቷ ቀላ፣ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቤትዎን ያሳዩኝ» አለች። ከዚያማ ማን ያስለቅቃት? ግድግዳው ውስጥ የገባውን እያንዳንዱን እንጨት፣ ጭቃው ስንት ቀን በጭድ እንደቦካ፣ ቤቱ ወደየት እንደሚዘምና ለምን ተጨማሪ እንደማይዘም ሲያስረዷት ግማሽ ቀን አለፈ። ልጅቷም ደብተር አውጥታ ጻፈች።

ፎቶ ልታነሳ ስትል ግን የቤተሰብ ጠብ ተነሳ። ለካ ሰው የሚሳል ቤት ሲያገኝ ምኞቱ አያልቅም! አስቴር ልጅቷን ጥግ ይዛ በረንዳ እንድትጨምርልን በሹክሹክታ ለመነቻት። እኔ፣ ሽንት ቤቱ በዘምባባዎቹ እንደተሸፈነ ይቆይ የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። አባቴ ሁላችንንም በከዘራቸው ዝም አሰኙን። «እንዳለ! ዝገቱም ይግባ» አሉ።

ሁለተኛው ባነር በሳምንቱ ተሰቀለ። ሰፈሩ ሁሉ ሊያይ ወጣ። አቤት ደስ ማለቱ! ከሰማያዊው መስታወት ጎን ቤታችን ቁጭ ብሏል፤ ዝገቱም አለ፣ መዝመሙም አለ፣ አቮካዶው ፍሬ ሳይቀር አለ። አባቴና አቶ ከማል ተቃቀፉ። የእድሩ ሊቀመንበር አጨበጨቡ። አናጺው እንኳ «በሩን ነገ እሠራዋለሁ» አለ። እኔም ትከሻዬን ነፋ አድርጌ ወደ አስቴር ዞር ብል፣ ባለቤቴ አልሳቀችም፤ ባነሩን በጣቷ እየጠቆመች ነው።

«ይቺ ማናት?» አለችኝ።

ከበራችን አንዲት ቀጭን ረዥም ፈረንጅ፣ ነጭ ሱሪ ለብሳ፣ የእጅ ቦርሳ አንጠልጥላ፣ ፀጉሯን እየበተነች፣ ቤቷን ቆልፋ ሥራ እንደምትሄድ ሰው ዘና ብላ ትወጣለች። እኔ መሳቅ ጀመርኩ፤ ስህተቴ እሱ ነበር። አባቴ ሴትዮዋን አይተው «እንግዳ ናት፣ ተዋት» አሉ፤ ይህም ነገሩን አላበረደውም።

ለሕሊና ደወልኩ። ሥዕል ሕይወት እንዲኖረው ሰው ይጨመርበታል፣ ኮምፒውተሯ ውስጥ ያሉት ሰዎች ደግሞ ፈረንጆች ብቻ ናቸው አለችኝ። አቶ ከማል ሦስተኛ ባነር እንደማያሳትሙ በአላህ ምለዋል። «ጋሼ፣ ካስቸገረችዎት በምላጭ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፤ ግን በርዎም አብሯት ይሄዳል። እስቲ ያስቡበት» አለችኝ ሕሊና።

ይኸው እያሰብኩበት ነው። አስቴር ግን አስባ ጨርሳለች፤ ዛሬ ከሱቅ ስትመለስ አንድ እሽግ ምላጭ ይዛ ነው የገባችው።