ክሪስፒን ምላሱን ሊያቀና የዘመተው ዘመቻ

በዘመነ መንግሥታ ለኮንሴፕታ፣ እመቤተ ሊትሪም ዘአየርላንድ፣ ወፈላጭ ቆራጭ ዘኵሉ ማጀት፣ ጣሪያዋ ማፍሰስ በጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ የልጇ የዲምፍና ባል፣ ጌታ ዘሁለት ላም፣ ለጉንፋን ያልተበገረው እንግሊዛዊው ክሪስፒን፣ እንግሊዝኛን እንደ አየርላንድ ሰው ሊናገር ተነሣ። ምክንያቱም ይህ ነው፤ የኮንሴፕታ ወንድም ፊንታን፣ በዚያ ቤት ክሪስፒንን ሰው ብሎ ያናገረው እሱ ብቻ፣ ታሞ ሊሞት ሲል፣ እመቤቲቱ ከምድጃዋ ዳር ሆና እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ወንድሜ ሲሞት ያ የልጄ ባል ሬሳው አጠገብ ቆሞ በዚያ የጌቶች አፉ ቢያላዝን፣ ላም በረት ነው የማስገባው። ሰምታችኋል።»

ክሪስፒንም ወዳጁን ከበረት ሆኖ መሸኘት ሞት መሰለው፤ ስለዚህም ከራሱ ከፊንታን አልጋ ሥር ተቀምጦ፣ ምላሱን ከጥርሱ መካከል እያወጣ መንፋቱን ትቶ፣ በእንግሊዝኛ «ስሪ» የሚባለውን ሦስትንና «ትሪ» የሚባለውን ዛፍን፣ እንደ አገሩ ሰው፣ በአንድ ድምፅ «ትሪ» ብሎ መጥራት ተማረ፤ ፊንታንም እየሳለና እየሳቀ «አንተ ሰውዬ፣ ምላስህ ከኔ ቀድሞ እንዳይሞት» እያለ ያውጅ ነበር።

ወደ ሜዳም ሲወጣ ተከትለውት የዘመቱት እነዚህ ናቸው፤ ሁለቱ ላሞች፣ አንካሳው ውሻ፣ ከሁሉ ኋላም የሚንቁት ዝይዎች። በፊታቸው እየጮኸ ቢለማመድ ላሞቹ ወተት ከለከሉት። ሱቅ ገብቶም በአዲሱ አፉ «ትሪ» ዳቦ ቢጠይቅ፣ ባለሱቋ ለተሰለፈው ሕዝብ «ዛፍ ፈላጊ መጥቷል፤ ችግኝ የሚሸጠው ማዶ ነው በሉት» ብላ አወጀች፤ ጀግናው ግን ዳቦውን ታቅፎ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ በክብር ተመለሰ።

ፊንታንም ዐረፈ። በሊትሪም ልማድ ሬሳው ሳሎን ተዘርግቶ፣ አገሩ ሁሉ ሻይ ሊጠጣና ሳንድዊች ሊበላ፣ በዚያውም ሊያለቅስ ተሰለፈ፤ ክሪስፒንም ከቤተ ሰቡ ተርታ መጨረሻ፣ ኮንሴፕታ በዓይኗ እየጠበቀችው ቆመ። ያን ጊዜ የባዕድ አፍ ከሩቅ የሚሸተው ሽማግሌ ማላኪ፣ እጁን ጨብጦ አልለቅ ብሎ «ፊንታን ደግ ሰው ነበር» ሲል አወጀ። ጀግናውም የተማረውን ሁሉ ፈለገ፤ አንድም አልመጣ። ዕንባው ቢቀድመው «ህእ» ብሎ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ፤ ይህም የሊትሪም ሰው ከእናቱ ጡት ጋር የሚጠባው፣ ማንም መምህር የማያስተምረው አዎንታ ነው።

ማላኪም ወደ ሕዝቡ ዞሮ «ይሄ ደሞ የማን ልጅ ነው? ከላይ ሰፈሮቹ ይሆን?» ሲል አወጀ። ኮንሴፕታም አፍንጫዋን ጠርጋ «የኔው ነው። ሻይ ስጡት» ብላ አዋጇን በአዋጅ ሻረች።

እንግዲህ ክብር ለክሪስፒን ይሁን፤ በነጋሪትና በመድፍ የማይያዘውን ቤት ቃል ሳይተነፍስ ለያዘው፤ አፉስ ዛሬም አልተቃና፣ ማን ግድ አለው፤ የወዳጁን ሣጥን ከፊት ሆኖ፣ በዚያች ቀጭን ትከሻው፣ እስከ መቃብሩ አፋፍ ለተሸከመው።