ሙቀት ነጥብ ኢቲ

ትናንት ጠዋት ሕልም አየሁ። በጠራራ ፀሐይ! የብርድ ልብስ ሱቄን የኢንተርኔት አድራሻ፣ ሙቀት ነጥብ ኢቲን፣ ላስመዘግብ ከደብረ ብርሃን ማልጄ መጥቼ መዝጋቢው ቢሮ አግዳሚ ላይ ተራ እጠብቅ ነበር። አንድ ትልቅ ሆቴል አድራሻሽን ዛሬ ካላየሁ ከሌላ እገዛለሁ ብሎኛል፤ ስሙን ደግሞ የቀደመ ይወስደዋል። እንቅልፍ ግን ይሉኝታ የለውም።

ዓይኔን ብገልጥ ሱቄ ውስጥ ነኝ። የቢሮው ሠራተኞች ፋይላቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ከሱቄ በር እስከ መናኸሪያው ተሰልፈዋል። የቢሮው ክብ ማኅተም አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። በር ላይ አንድ በግ ዘበኛ ሆኖ ይፈትሻል።

«መታወቂያ!» አለው የቢሮውን ኃላፊ።

«ረስቼው መጣሁ፣ ጌታው።»

«እንግዲያው ነገ።»

ኃላፊው እንባው መጣ። አንጀቴን በላኝ፤ አልዋሽም፣ ደስም አለኝ።

በጉ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ የማንን ሱፍ ነው የምትሸጪው? ባለቤቱ የፈረመበት ደብዳቤ አለሽ?»

«ኧረ በማርያም!»

«በሦስት ኮፒ» አለ።

ይህን ስንባባል ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ገቡ። መሃላቸው የቆመው ስሙ ራሱ ነው፤ ሙቀት፣ ከነነጥቡ፣ ሙሽራ መስሎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አልኳቸው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ትልቁ። «ይህ ልጃችን ቤት አጥቶ ይንከራተታል። ለሱቅሽ ይሁን ብለን መጣን።»

ልቤ ዘለለ። እሺ ማለት ነበረብኝ! ግን ሽማግሌ በመጣ በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለች ምን ትባላለች? አንገቴን ደፋሁና «ዘመድ ላማክር፤ የዛሬ ሳምንት ተመለሱ» አልኩ።

«መልካም» ብለው ስሙን ይዘው ወጡ።

በጉ አፉን ያዘ። «አበድሽ እንዴ? ማዶ ያለው ብርድ ልብስ ነጋዴ እኮ ስሙን ሊወስድ ውጭ ቆሞ እየጠበቃቸው ነው!»

ነጠላዬን ጥዬ ሮጥኩ። ሰልፈኛው ሁሉ «እመቤቴ፣ አንዲት ፊርማ ብቻ!» እያለ እጄን ይጎትታል።

«ልጄ፣ ልጄ» የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። አግዳሚው ላይ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ናቸው።

«ተራሽ ሲደርስ ልቀሰቅስሽ ብዬ አንጀቴ አልችል አለ» አሉኝ። «ቅጽሽን ከጭንሽ ላይ አንስቼ፣ እኔው መስኮቱ ጋ ሄጄ ጨረስኩልሽ።»

እጃቸውን ልስም ጎንበስ እያልኩ የሰጡኝን ወረቀት አነበብኩ። ሙቀት ነጥብ ኢቲ፤ ባለቤት፦ አቶ ተካልኝ ወንድይፍራው።

«አባባ! ይሄ ማነው?»

«እኔ ነኛ! መታወቂያ ሲሉኝ የማንን ልስጣቸው? ያንቺ ቦርሳሽ ውስጥ ነው። እኔ የሴት ቦርሳ አልከፍትም!»

«ወደ እኔ ለማዛወርስ?» አልኩ።

በከዘራቸው አሳዩኝ። የማዛወሪያው ሰልፍ ደረጃውን ወርዶ ከግቢው ወጥቷል።

«አይዞሽ» አሉ፤ «እዚያም ተራ መያዣ ድንጋይ አስቀምጬልሻለሁ።»