ላስቲኩ የማይወልቅ ፍራሽ

የወጣቶች ቴአትር ፌስቲቫል ያለ ገንዘብ ሊካሄድ ይችላል። ያለ በቂ ወንበር፣ አንዳንዴም ያለ መብራት ተካሂዶ ያውቃል። «ለኔ ተዉት» የሚል ሰው ከሌለ ግን አይታሰብም። እንዲህ ያለው ሰው በየፌስቲቫሉ አለ። ልብሱ ሙሉ ነው፣ ኪሱ ባዶ፤ ስልኩ ከጆሮው አይወርድም፤ «እምቢ» የሚለውን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሰምቶት እንደሆነ እንጂ ራሱ ተናግሮት አያውቅም።

የዚህኛው ፌስቲቫል ክቡር ሊቀመንበርም ከዚሁ ወገን ናቸው። እርዳታ ፍለጋ ከወጡ ባዶ እጃቸውን አይመለሱም፤ ይዘውት የሚመለሱት ግን ብር አይደለም። ቀለም ነጋዴው አልሸጥ ያለውን አረንጓዴ ሰጣቸው፤ በዚያ ዓመት ቤተ መንግሥቱም፣ እስር ቤቱም፣ ባሕሩም አረንጓዴ ሆኑ። ወንበር አከራዩ ወንበሮቹን ያዋሳቸው ተከራይ እስኪመጣ ነበር። ተከራይ መጣ፣ ያውም በሁለተኛው ገቢር መሐል። ሊቀመንበሩ መድረክ ላይ ወጥተው ቀጣዩ ክፍል በክብር ቆሞ የሚታይ መሆኑን አበሰሩ። ተመልካቹ ቆመ፤ ባርኔጣውን ያወለቀም ነበር። ለአምስት ነጋዴዎች ለየብቻ ዋናው ስፖንሰር እርስዎ ነዎት ብለው ስለነበር፣ በሩ ላይ የተሰቀለው ባነር አምስት ዋና ስፖንሰሮች ነበሩት። ተራ ስፖንሰር አልነበረውም።

አዘጋጇ ይህን ሁሉ እየሳቀች አልፋው ነበር፤ ፍራሹ እስኪመጣ ድረስ። የመዝጊያው ምሽት የእሷ ነው፤ ራሷ ጽፋ ያዘጋጀችው የመጀመሪያ ቴአትሯ። በመጨረሻው ትዕይንት የታመመች እናት አልጋዋ ላይ ሆና ልጇን በሹክሹክታ ትሰናበታለች። እዚያ ላይ ሰው ከሳቀ ሁለተኛ ብዕር አላነሳም ብላ ምላለች። ሊቀመንበሩ ደግሞ ለፍራሽ ነጋዴው አዲሱ ፍራሹ መድረክ ላይ እንደሚውል ቃል ገብተዋል። ነጋዴው ያስጠነቀቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ነገ የሚሸጥ ዕቃ ስለሆነ ላስቲኩ እንዳይወልቅ።

በልምምዱ ላይ እናትየዋ በተነፈሰች ቁጥር ፍራሹ ኮሽ ይላል። ወደ ልጇ ስትዞርማ ፈንዲሻ የሚፈነዳ ይመስላል። ልጅ ሆና የምትተውነዋ ሳቋን ለመደበቅ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገባች።

«ጋሼ፣ እዚህ ፍራሽ ላይ ሰው መሞት አይችልም» አለች አዘጋጇ።

«ለኔ ተዪው።»

«ስለ ወንበሩም እንዲሁ ብለው ነበር።»

«ታዲያ ቆመው አላዩም?»

የመዝጊያው ምሽት ፍራሽ ነጋዴው ከነቤተሰቡ ፊት ለፊት ተሰየመ። አዘጋጇ መጋረጃው ጥግ ጥፍሯን እየበላች ጠበቀች። እናትየዋ ተነፈሰች። ዝም። ወደ ልጇ ዞረች። አሁንም ዝም። ሹክሹክታው እስከ መጨረሻው ረድፍ ደረሰ፤ አዳራሹ ውስጥ የሚሰማ ሌላ ድምፅ ቢኖር ንፍጥ የመሳብ ብቻ ነበር። ነጋዴው ራሱ እያለቀሰ ጎረቤቱን በክርኑ ጎሰም አደረገና ፍራሹ የእሱ መሆኑን ነገረው።

ጭብጨባው ሲያበቃ አዘጋጇ አንሶላውን ገለጠች። ዳርና ዳሩ በእጅ የተሰፋ፣ መሐሉ የጎደጎደ አሮጌ ፍራሽ ነው። አዲሱስ? ከነላስቲኩ ከአልጋው ኋላ ቆሟል፤ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሶ ምሽቱን ሙሉ ቁም ሣጥን ሆኖ ሲተውን አምሽቷል።

«ቃል የገባሁት መድረክ ላይ ይውላል ብዬ ነው» አሉ ሊቀመንበሩ። «ሰው ይተኛበታል አላልኩም።»

አሮጌው ፍራሽ የማን እንደሆነ ለመጠየቅ አፏን ስትከፍት፣ የሊቀመንበሩ ባለቤት ገመድ ይዘው በጓሮ በር ብቅ አሉ።

«ጨርሳችኋል የኔ ልጅ? የምንተኛበትን ልንወስድ ነው።»

አዘጋጇ ጎድጓዳውን አየች፤ ሊቀመንበሩን አየች። ጎድጓዳው በእሳቸው ልክ ነው። ጎንበስ ብላ የፍራሹን አንድ ጫፍ ያዘች።

«ለኔ ተዪው» አሉ ሊቀመንበሩ።

አልተወችላቸውም።