ጭጋግ በወረደ ቀን ሰዓት የማውቅበት ጥበብ

አንባቢ ሆይ፣ ሐሳብ ከየት እንደሚመነጭ ተመራምሮ የደረሰበት ሰው አጋጥሞህ ያውቃል? ካላጋጠመህ እኔ አለሁልህ። የአንኮበር ደብተራ ነኝ። ጥምጣሜ ትልቅ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ግን ገና እየመረመርኩት ነው።

በሁዳዴ አገሩ ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። ሰዓቱን የምናውቀው ጥላችንን በእግራችን እየለካን ነው። አንድ ቀን ታዲያ ጭጋጉ ወርዶ እንኳን ጥላ የጎረቤት ቤትም ጠፋ። ምእመኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ ግራ ሲጋባ ብድግ አልኩና፣ "ዕውቀት ከውጭ አይመጣም! ሰዓትም ቢሆን በልቡናችን ተጽፏል፤ ዓይኔን ጨፍኜ ላንብበው" አልኩ። ጨፈንኩ። ከውስጤ አንድ ነገር አጉረመረመ።

"ዘጠኝ ሰዓት ሞልቷል!" ብዬ አወጅኩ።

ሕዝቡ ወደየቤቱ በረረ። እኔም ቤቴ ገብቼ የበሶ ጭብጦዬን ስጎርስ ጭጋጉ ተገፈፈ። ወደ ደጅ ብወጣ ጥላዬ ከእግሬ ሥር ኩርምት ብላለች፤ ለካ ገና እኩለ ቀን ነው!

ባለቤቴ ጥላዬንም ጉንጬንም አየችና፣ "ይህ ልቡናዎ በፋሲካ ሰሞን ሰዓት ነግሮዎት ያውቃል?" አለችኝ። እኔም በአፌ የሞላውን ጭብጦ ዋጥ አደረግኩ።

የሐሳብን ምንጭ ያገኘሁት ያን ቀን ነው፤ ከእምብርት ትንሽ ከፍ ይላል። የነፍስ አባቴ ስግደት ጨመሩብኝ። ታዲያ ተዋርዶ ቀረ ትል ይሆናል። ምን በወጣኝ! ዛሬም በሁዳዴ ጭጋግ በወረደ ቁጥር ምእመኑ የደብሩን አለቃ አልፎ እኔ ደጅ ይሰበሰባል፦

"የኔታ፣ እስቲ ይጨፍኑልን!"